የአባቴ ሌላኛው ዓይን

ወንድሜ ታደለ ስልክ የሚደውልልኝ ወይ ሰው ሲሞት ወይ ላም ስትወልድ ነው። ባለፈው ኅዳር ሲደውል ስለ ላም አልጠየቅሁትም፤ ድምፁ የደስታ ድምፅ አልነበረም።

«የኔታ ይርዳው አረፉ» አለኝ።

ነፍሳቸውን ይማር ተባባልን። ዕድሜያቸውን ለመገመት ሞከርንና አልተስማማንም። ከዚያ ታደለ «ለመሆኑ ጠይቀሻቸው ነበር?» አለኝ።

ምኑን አላልሁትም። እኔ ደሴ ውስጥ የሰው ልጅ ሳስተምር አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ እሱ መካነ ሰላም አጠገብ የአባታችንን መሬት እያረሰ አያት ሆኗል። ሁለታችንም ሸብተን እስከ ዛሬ በተገናኘን ቁጥር የምንጠያየቀው አንድ ነገር ነው፤ የኔታ ይርዳው በቤታችን ግድግዳ ላይ አባታችንን ለምን በአንድ ዓይን ሣሉት?

«ጠይቄያቸዋለሁ» አልሁት።

«እና ምን አሉሽ?»

«ለልቅሶ ስመጣ እነግርሃለሁ።»

ይህን ያልሁት ለመኩራራት አልነበረም። የነገሩኝ ነገር ለእኔም ስላልገባኝ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ያደገ ሰው ነገሩ ለምን ዕድሜ ልካችንን እንዳስጨነቀን ይገባዋል፤ ላላደገው ልንገረው። በእኛ አገር ሥዕል ጻድቁም ሰማዕቱም መልአኩም ፊቱን ሙሉ ለሙሉ ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ያየናል። ይሁዳ፣ ሰይጣንና የጌታ ገራፊዎች ግን የሚሣሉት በጎን ነው፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ዓይን ቆጥሮ ደጉን ከክፉው ይለያል። አባታችን እንግዲህ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ግድግዳው ላይ፣ ከእነይሁዳ ወገን ተሣለ።

ነገሩ የሆነው ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው በዚያ ክፉ ቀን ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ታደለ አምስት። ቤታችን ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው የበቅሎ መንገድ ዳር ያለ ሰቀላ ነው። እኛ ዘንድ ዝናቡ ጨርሶ አልጠፋም ነበር፤ ገብሱ ቀጠነ እንጂ አልቀረም። ከቆላው ግን ሰው ይጎርፍ ጀመር። መጀመሪያ ከብቱን እየነዳ መጣ፤ ቀጥሎ ከብት ሳይኖረው፤ ቀጥሎ ልጁን አዝሎ፤ በመጨረሻ ብቻውን። አንድ ቀን ጧት ታደለ ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው ወይራ ሥር የተኛ ሰው አየና ሮጦ ሄዶ ሊቀሰቅሰው ሞከረ። ሰውየው አልነቃም። ታደለ ከዚያ ቀን ጀምሮ መናገር ተወ። ይበላል፣ ይተኛል፣ ቃል ግን ከአፉ አይወጣም። እናቴ ጠበል አመላለሰችው። አባቴ ደግሞ ቁጭ ብሎ ሲያየው ይውላል።

ከዚያ አባቴ፣ ገረመው ነው ስሙ፣ መንደሩ ሁሉ እብደት ያለውን ነገር አደረገ። የደብራችንን ግድግዳ ሊሥሉ መጥተው እህል በመጥፋቱ ሥራው የቆመባቸውን የኔታ ይርዳውን ጠርቶ ወደ ቤት አመጣቸው።

«የኔታ፣ ልጆቼ ደጁን ባያዩት ደስ ይለኛል» አላቸው እኔ እየሰማሁ። «ከቤት ሆነው የሚያዩት ነገር ይሣሉልኝ። የሚያስቅ ይሁን። እህል እስካለ ድረስ እንጀራዎ ከእኛው ጋር ነው።»

የኔታ ግድግዳውን አዩ፤ ታደለን አዩ፤ ወደ ደጅም አንድ ጊዜ መለስ ብለው አዩና እንደ ወሎ ሰው «መርሐባ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

ጎረቤት «አገር በረሃብ ሲያልቅ ገረመው ግድግዳ ያስጌጣል» እያለ አማን። እውነቱን ነበር። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ አልነበረም። ሁለቱ ነገሮች እንዴት በአንድ ልብ ውስጥ አብረው እንደሚያድሩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የኔታ ይርዳው ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥምጣማቸው ሁልጊዜ ወደ ግራ ጆሯቸው ያዘመመ ሰው ነበሩ። ብሩሻቸውን የሚያሾሉት በምላሳቸው ስለ ነበር ምላሳቸው አንድ ቀን ጥቁር፣ አንድ ቀን ቀይ ነው። ጥቁሩን ቀለም ከድስት ጥላሸት፣ ቀዩን ከገደል አፈር ያወጡና ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ይለውሱታል። መሣል ከመጀመራቸው በፊት አውራ ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ቀስረው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ይለካሉ። እኔና ታደለም ከአጠገባቸው ቆመን አውራ ጣታችንን ቀስረን እንለካለን። ምኑን እንደምንለካ አናውቅም።

ቤታችን ሁለት የእህል ጎታ ነበረው። አንደኛው ባዶ ስለ ነበር ከግድግዳው ተገፍቶ መሀል ቤት ቆመ፤ ሌላኛው ገብስ ስለ ነበረበት አልተነካም። ግድግዳው በነጭ አፈር ተቀባና ሥራው ተጀመረ።

መጀመሪያ አንበሳ ሣሉ። ጎፈሩን እንደ ሙሽራ ጸጉር ሹሩባ ጎነጎኑለት። እናቴ «የኔታ፣ አንበሳ እንዲህ ነው እንዴ?» ብትላቸው «ልጅ የማይስቅበት አንበሳ ምን ይሠራል? እሱንማ ዱሩም አላጣው» አሏት። ቀጥለው ዝንጀሮ ሣሉ፤ እንደ እሳቸው ጥምጣም አድርጎ፣ ጥምጣሙም ወደ ግራ አዘመመ። እኔ ዶሮ አዘዝሁ። በሬ የምታህል ዶሮ ሣሉልኝ። ለምን ገዘፈች ብላቸው «ለክፉ ቀን ትንሽ ዶሮ ለማን ትዳረሳለች?» አሉኝ። ከሳቅ ብዛት ሆዴን አመመኝ።

በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ቀን ጅብ ሣሉ። ቁጭ ያለ ጅብ ነው፤ የፊት እግሮቹን እንደ ሰው እጅ አንሥቷል። ታደለ ቀረብ ብሎ ቆመና ለብዙ ጊዜ አየው።

«ርቦታል?» አለ።

እናቴ የያዘችው ወንፊት ከእጇ ወደቀ። ከስንት ጊዜ ዝምታ በኋላ የመጣ ቃል ነው። የኔታ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ጆሯቸውን ከጅቡ ሆድ ላይ ለጥፈው አዳመጡ።

«ወላሂ ርቦታል!» አሉ። ብሩሻቸውን ነክረው ጅቡ እጅ ላይ አንዲት ክብ ቂጣ ሣሉለት። «በል አሁንስ?»

ታደለ ሳቀ። «አሁንማ ጠገበ» አለ። አባቴ እየተጣደፈ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ብቻውን ሆኖ ሲያለቅስ ሰማሁት። ሰውን ለዚህ ብቻ ብሎ ዕድሜ ልክ መውደድ ይቻላል። እኔም ወደድኋቸው።

የዓይኑን ሥርዓት የነገሩኝ ያን ዕለት ነው። ለምን ጅቡ ሁለት ዓይን እንዳለው ጠየቅኋቸው። ጅብ ክፉ አይደለም ወይ?

«ጅብ ክፉ አይደለም፤ ጅብ ነው» አሉኝ። «ክፋት የሰው ነው። ደግ ሰው በአንድ ዓይኑ ራሱን ያያል፣ በሌላው ሰውን። ክፉ ሰው ግን የሚያየው ራሱን ብቻ ስለ ሆነ አንድ ይበቃዋል። ለዚያ ነው አንድ የምንሥልለት፤ ቀለም አናባክንም።»

እንደ ጸሎት በቃሌ ያዝሁት። ባልያዝሁት ኖሮ!

ከዚህ በኋላ ያለችውን አንዲት ከሰዓት በኋላ በደንብ አስታውሳታለሁ፤ ወይም በደንብ የማስታውሳት ይመስለኝ ነበር። እኔና ታደለ ከዶሮዋ ሥር ተቀምጠን የገብስ ቆሎ እንቆረጥማለን። የኔታ አጠገባችን ተንበርክከው የጅቡን ጭራ ያጠቁራሉ። አባቴ በሩ ላይ ቀንበር ይጠርባል። አንዲት ሴት መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። እኔን የምታህል ልጅ ይዛለች።

«ስለ ማርያም» አለች።

አባቴ እስከዚያ ሳምንት ድረስ ለመጣው ሁሉ ይሰጥ ነበር። መጀመሪያ ቁና፣ ቀጥሎ የቁና ግማሽ፣ ቀጥሎ እፍኝ። ያን ቀን ግን ተነሣና በሩን በቁመቱ ሞልቶ ቆመ።

«እናቴ፣ የቀረኝ ዘር ነው» አላት። «እህል አይደለም፤ ዘር ነው። እግዜር ይስጥሽ።»

የገበሬ ልጅ ነኝና ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባኛል። ዘሩን የበላ ገበሬ የከርሞ ልጁን በልቷል። ግን እኔ መዳፍ ላይ የነበረው ቆሎ ከዚያው ጎታ የወጣ ገብስ ነው። ይህንን አባቴ ያውቃል፤ እናቴ ታውቃለች፤ የኔታም ያውቃሉ። በአባቴ እግርና በመቃኑ መሀል ልጅቱን አየኋት። እኔን አልነበረም የምታየው። ጅቡን ነበር፤ እጁ ላይ ያለችውን ቂጣ።

ተነሣሁ። ልሰጣት ነበር የተነሣሁት፤ ይህን አውቃለሁ። ወዲያው የኔታ እጅ አንጓዬን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ፤ ተመልሼ ተቀመጥሁ። ቀና ስል ደጁ ባዶ ነበር። ማታ እናቴ ስታጥበኝ አንጓዬ ዙሪያውን የአምስት ጣት ጥላሸት ነበረበት፤ አልለቅ አላት። ያን እጅ ለብዙ ዓመት የማስታውሰው እንደ ማጽናኛ ነው። ልጅ ናት፣ ትደነግጣለች ብለው የያዙኝ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ የኔታ አልቀለዱም። በሩ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ቤተሰቡን መሣል ጀመሩ። እናቴን እንዝርት አስይዘው ሣሏት። ታደለን በሬ በምታህለው ዶሮ ላይ አስቀመጡት። እኔን ቆሜ። ሁላችንም ሁለት ሁለት ዓይን፣ ያውም እንኮይ የሚያካክል። በመጨረሻ አባቴን ከመቃኑ ጥግ ሣሉት፤ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ በጎን። አንድ ዓይን ሣሉ። ሌላኛውን ስንጠብቅ ብሩሻቸውን ይጠርጉ ጀመር።

«አለቀ» አሉ።

«ሌላው ዓይኑስ?» አለች እናቴ። የቄስ ልጅ ናት፤ ደሟ ፈልቷል።

«አለቀ አልሁሽ እኮ።»

«የበሉበትን ቤት! ዛሬውኑ በጭቃ እመርገዋለሁ!»

አባቴ መጥቶ ከሥዕሉ ፊት ቆመ። የሚጮህ መስሎኝ ነበር። አልጮኸም። «ይቆይ» አለ። ከዚያ እኛን ወደ ደጅ አስወጣንና ሁለቱ ብቻቸውን ቤት ቀሩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ባዶው ጎታ እየተንኮሻኮሸ ወደ ቦታው ሲገፋ ከውጭ ይሰማናል። ተጠርተን ስንገባ አባቴ የኔታን ውሃ እያፈሰሰ ያስታጥባቸዋል፤ አንዱ ሌላውን አያይም። በነጋታው ከዚያ ዘር ነው ካለው ገብስ ስንቅ ቋጥሮ ሸኛቸው። ዘጠኝ ዓመት ለሞላት ልጅ ይህ ሁሉ ምን ማለት ነው? ስድሳ ዓመት ላለፋትስ?

ንጉሡ ወረዱ። መሬት ላራሹ ሆነ፤ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ ፊደል የሚያስተምሩ ዘማቾች ከከተማ መጡ። ከእነሱ አንዷ፣ ጸጉሯን ያጎፈረች ሱሪ ለባሽ፣ ቤታችን ገብታ ግድግዳውን ስታይ በደስታ አጨበጨበች። እንደዚያ ያለ ቤት አዲስ አበባም የለም አለችን። ጅቡን፣ ዝንጀሮውን፣ ዶሮዋን አንድ በአንድ አየችና በመጨረሻ «አባትሽ አንድ ዓይናቸውን ታመው ነበር እንዴ?» አለችኝ።

እኔ ደግሞ ዐዋቂ ነኛ! «አይ፣ ክፉ ሰው ሲሣል ነው አንድ ዓይን የሚሆን» አልኋት። የኔታ ያስተማሩኝን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበነብሁላት። ልጅቱ ክፉ አልነበረችም፤ ነገሩ ስለ ገረማት ለጓደኞቿ አወራች። ጓደኞቿ ለማኅበሩ ሰዎች አወሩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እኔ አፌ ሲያመልጥ ግን ሊጠፋ የነበረው የአባቴ ራስ ነው። በሳምንቱ «ገረመው በክፉ ቀን እህል ደብቋል፤ ሠዓሊው ያኔውኑ መስክሮበታል» የማይል ሰው ጠፋ። እውነት ሆኖ ከተገኘ አባቴ ታስሮ ወደ መካነ ሰላም ይወሰዳል፤ መሬቱም ይነጠቃል። እናቴ ማን እንዳወራ ስትጠይቅ ጓዳ ገብቼ ተደበቅሁ።

ስብሰባው የተደረገው ቤታችን ነው፤ ማስረጃው ግድግዳ ነዋ፣ የት ይወሰዳል? ግማሹ ሰው ውስጥ፣ ግማሹ ደጅ ቆመ። የኔታ ይርዳው ካሉበት ደብር ተጠርተው አቧራ ለብሰው በእግራቸው መጡ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጎረቤታችን አያ ሰይድ ነበር።

«የኔታ፣ ይህን የሣሉት እርስዎ ነዎት?» አላቸው።

«ነኝ።»

«በእናንተ ሥርዓት አንድ ዓይን የሚሣለው ለክፉ ሰው ነው ይባላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ቤቱ ጉም ጉም አለ። እኔ ከእናቴ ኋላ ሆኜ መሬት እንድትውጠኝ ለመንሁ። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል።

«እንግዲያው ገረመው ክፉ ሰው ነው?»

የኔታ አውራ ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ «ይህ ሰው ወዴት ዞሯል?» ብለው ጠየቁ።

«ወደ በሩ» አለ ሰው።

«ወደ በር የዞረ ሰው አንዱን ዓይኑን ቤት ውስጥ ያለ ያይለታል። ሌላኛው በደጅ በኩል ነው፤ የሚያየው ደጅ የቆመ ነው። እኔ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ነበርሁ፤ አንድ አየሁ፣ አንድ ሣልሁ። ሌላኛውን ከፈለጋችሁ በክፉ ቀን እዚህ ደጅ ቆሞ የነበረ ሰው ይጠየቅ።»

አያ ሰይድ ጥምጣሙን አወለቀ፣ መልሶ አሰረ።

«እኔ ቆሜ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ወላሂ አልዋሽም። ቁና ገብስ ሰጥቶኛል። ልጆቼ የተረፉት በዚያ ነው።»

«እኔም ቆሜያለሁ» አለ ሌላው ከደጅ። «እኔም» አለች አንዲት አሮጊት። አባቴ አልታሰረም። ሰው እየመረቀው ወጣ። እናቴ የኔታን እግር ልትስም ወደቀች፤ አነሧት። እኔ ግን አልቅሼ አላባራ አልሁ፤ ሁሉም የደስታ መሰላቸው። እንዲጠየቁ የተባሉት ሁሉ እዚያ እንዳልነበሩ የማውቅ እኔ ነኝ። ያቺ ሴትና ያቺ ልጅ አልተጠየቁም።

አባቴ የኔታን እስከ ወይራው ድረስ ሸኛቸው። ከዛፉ ሥር ብዙ ቆሙ፤ ሲነጋገሩ ግን አላየሁም። ከዚያ በኋላ አባቴ እስኪሞት ድረስ ቤቱ በየዓመቱ ሲመረግ ሥዕሎቹን፣ ይልቁንም ያቺን የራሱን ጥግ አያስነካም ነበር። ለምን ስንለው «ይቆይ» ነው መልሱ። እውነተኛ ፍርድ ስለ ሆነች ነው ያቆያት? ወይስ ውሸት ስለ ሆነች ምንም አልመሰለውም? ታደለ አንዱን ይላል፣ እኔ ሌላውን፤ ከርሞ ስንገናኝ ደግሞ ተቀያይረን እንከራከራለን።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው የኔታን ፈልጌ የሄድሁት። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ በተሠራች አንዲት ክፍል ደጃፍ ላይ ጋቢ ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ስሜን ብነግራቸው አላስታወሱኝም። «የጅቡ ቤት ልጅ ነኝ» ስላቸው ግን ፊታቸው ሁሉ ሳቀ።

«ያቺ ቂጣ አለች?» አሉኝ።

«አለች የኔታ። ጭስ በልቷት ጠቁራለች እንጂ አለች።»

ስለ ጤና፣ ስለ ታደለ፣ ስለ ልጆቼ ከተጠያየቅን በኋላ እንደ ምንም ደፍሬ ጠየቅኋቸው። አባቴ ክፉ ሰው ነበር ወይ? ያን ቀን ለሕዝቡ የተናገሩት እውነት ነበር ወይስ ሊያድኑት ነው? በአንድ ትንፋሽ አወረድሁት።

አባቴን ትተው እጄን ያዙ። አገላብጠው አንጓዬን አዩት፤ በአውራ ጣታቸውም አሸት አሸት አደረጉት።

«ግድግዳውን ሙሉውን አይታችሁታል?» አሉኝ።

«እንዴ የኔታ! ያደግንበት ግድግዳ አይደለም እንዴ?»

«አላያችሁትማ» አሉ። ከዚያ በኋላ ብለምናቸው ብማጠናቸው ሌላ ቃል አላወጣ አሉ። ባርከውኝ ሄድሁ። እየተናደድሁ ነው የተመለስሁት።

እንግዲህ ለልቅሶ ሄድሁ። ከቀብር ስፍራው ተመልሰን ቤት እንደ ገባን ለታደለ ይህንኑ ነገርሁት። እሱ ሥዕሉን በዓይኑ አንድ ጊዜ ዞረውና ድንገት ቆመ።

«ጎታው» አለ።

ያ ያኔ ባዶ የነበረው ጎታ ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ ነቅነቅ ብሎ አያውቅም። በኋላ ሞልቷል፣ ጎድሏል፤ ከቦታው ግን የገፋው የለም። እኔም እሱም ጉልበታችን አልቋል፤ እየተጋገዝን፣ እየተሳሳቅን፣ «ቀስ በይ»፣ «አንተ ቀስ በል» እየተባባልን ገፋነው። ከኋላው ያለው ግድግዳ ጭስ አልነካውም፤ ቀለሙ ትናንት የተቀባ ይመስላል።

አንድ ክንድ የማይሞላ ሰው ተሥሎበታል። ጥምጣሙ ወደ ግራ አዘምሟል፤ በአንድ እጁ ብሩሽ ይዟል። በጎን ነው የተሣለው፤ ዓይኑ አንድ ነው። በሌላው እጁ የአንዲት ትንሽ ልጅ አንጓ ጨብጧል። ልጅቱ ሁለት ዓይን አላት፤ የተከፈተው መዳፏ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ። ቆሎ ነው።

ታደለ «እሳቸው ናቸው» አለ። «ልጅቱስ ማናት?»

«እኔ ነኝ» አልሁት።

ያኔ ነው የገባኝ፤ ገባኝ ካልሁ ነው። ያ እጅ ሊያጽናናኝ አልያዘኝም። እንዳልሄድ ነው የያዘኝ። እህል እስካለ ድረስ ነበር እንጀራቸው፤ እህሉ ካለቀ እሳቸውም ከዚያች ሴት ኋላ መንገድ ሊገቡ ነው። ለዚህ ይሆን? ወይስ ከመንገደኛው በሽታ እንዳይዘኝ ፈርተው? ያስ ከሆነ ራሳቸውን በአንድ ዓይን ለምን ሣሉ? አባቴስ ጎታውን አብሯቸው ሲገፋ ይህን አይቷል፤ ውሃ ያፈሰሰላቸው አይቶ ነው፤ «ይቆይ» ያለውም ብቻውን እንዳልተሣለ ስለሚያውቅ ይሆናል። ሁለቱ ሰዎች ተያይተው ነበር ማለት ነው። ሁለት ዓይን የቀረን እኛ ልጆች፣ እናቴና አራዊቱ ብቻ ነን። እኔ ደግሞ እጄን ብያዝም አፌ አልተያዘም ነበር፤ ልጅቱን ልጠራት እችል ነበር። ተመልሼ ተቀመጥሁና ቆሎዬን በላሁት። በላሁት።

እወዳቸዋለሁ? አዎ። ተቀይሜያቸዋለሁ? እሱንም አዎ። አንዱ ሌላውን አላጠፋልኝም።

ቤቱ አፈነኝና ወደ ደጅ ወጣሁ። አባቴ የተሣለበትን ግድግዳ ከውጭ በኩል ፈለግሁት፤ ያ በደጅ በኩል ነው የተባለው ሌላኛው ዓይን ያለበትን ቦታ። ጭቃና ጭድ ነው፤ አንድ ስንጥቅ ወርዶበታል። ከዚያ ሳላስበው ደጃፉ ላይ፣ ያቺ ሴት ልጇን ይዛ በቆመችበት ቦታ ቆምሁ። ተወልጄ ባደግሁበት ቤት ደጅ ላይ ፊቴን ወደ ውስጥ አዙሬ ቆሜ አላውቅም ነበር። በሩ ክፍት ነው። ከዚያ ሲያዩት ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ጅቡ ነው፤ እጁ ላይ ያለችው ቂጣ። ስንት ደቂቃ እንደ ቆምሁ አላውቅም።

ታደለ ከውስጥ ሆኖ አየኝ።

«ግቢ እንጂ» አለኝ። «ምን ደጅ ትቆሚያለሽ?»